በሁለቱም ወገን ያልተቀበረ ሰው

አባቴ የማን ወገን ነበር?

ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱም አጭር መሆን ነበረበት። በልጅነቴ አራዳ ላይ አዲስ ሰው ሲመጣ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው ይኸው ነበር፤ የክርስቲያን ወይስ የእስላም። ማንም በክፋት አይጠይቅም። በማን ቢላ የታረደ ሥጋ እንደሚያቀርቡለት፣ ቢታመም ማንን እንደሚጠሩለት፣ ቢሞት የት እንደሚያኖሩት ለማወቅ ነው። እኔ ስለ አባቴ ተጠይቄ መመለስ አልቻልሁም። እነሆ ፀጉሬ ሸብቷል፤ የማያስፈልገኝን ነገር ሁሉ ሳይቀር ከመጽሐፍ አንብቤ አውቄአለሁ። ይህን ግን አሁንም አላውቅም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከአንድ አርመን ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር ስፌት መኪናውን ተክሎ ከጧት እስከ ማታ ይሰፋል። እኔ ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የተረፈ ክር እቆርጣለሁ። ገበያው ያን ጊዜ ገና ከአራዳ አልተነሣም ነበርና ከበረንዳው ላይ ቁልቁል ሁሉም ይታያል። የሰው አቀማመጥ አገሩን ይናገራል፤ አገሩም ሃይማኖቱን። አሞሌ ጨው ደርድረው የተቀመጡት ትግሬዎች ባለ ማተብ ናቸው። ከጅማ ቡና ይዘው የሚመጡት፣ ከሐረር ጨርቅ የሚያመጡት እስላሞች ናቸው። ሰውየው የመንዝ ወይም የቡልጋ ከሆነ ጥያቄም የለ። ጉራጌ ሲሆን አገሩን አልፈው ቤቱን ይጠይቁታል፤ አንዱ ቤት እንዲህ ሲሆን ቀጣዩ ቤት እንዲያ ነውና። ከጋሞ በኩል የመጡትን ሸማኔዎች፣ ከዚያም ወዲያ ካለው አገር የመጡትን ኩሊዎች ደግሞ ማንም አይጠይቃቸውም። «እነሱ ገና ናቸው» ይባላል፤ በቃ። ገና ምን እንደሆኑ የሚጨርስ የለም።

ይህን ሁሉ ሥርዓት የሚያበላሽ አንድ አገር ብቻ ነበር፤ ወሎ። አባቴ የወሎ ሰው ነው። እዚያ አንዲት እናት ለአንዱ ልጇ የክርስቲያን፣ ለሌላው የእስላም ስም ታወጣለች፤ ሠርግ ሲሆን ሁለት በሬ በሁለት ቢላ ታርዶ ሁለት ዳስ ይጣላል፤ ሲመሽ ግን ዘፈኑ አንድ ነው። ይህን እኔ ያየሁት አይደለም፤ አባቴ የነገረኝ ነው።

የራሱንም ነገር አንድ ጊዜ ነግሮኛል። «ጥርሴን እየቀየርሁ ነበር» አለኝ። «ክርስትና ተነሡ የሚል አዋጅ ተነገረና ወንዝ ዳር አሰለፉን። አንድ ረድፍ ሁሉ አንድ ስም ተሰጠው። ከፊቴ የቆመው ሽማግሌና እኔ ሞክሼ ሆንን። ቤት ስገባ እናቴ ጓሮ ወስዳ እንደገና አጠበችኝ፤ የራሷን ቃል በጆሮዬ ብላ የድሮ ስሜን መለሰችልኝ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ታጠብሁ።» ከዚያ መኪናውን በእግሩ ጥቂት አስኬደና፣ «ከዚያ ወዲያ ማንም ንጹሕ ነህ ቢለኝ አላመንሁትም» አለ።

ታላቅ ወንድሙ በዚያ ቀን ከብት ይዞ ቆላ ወርዶ ስለነበር ሳያገኙት ቀሩ፤ እስላም ሆኖ ኖረ። አጎቴ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የሱፍ ባና እና በርኖስ በበቅሎ ጭኖ ወደ አራዳ ይመጣል። ሁለቱ በረንዳው ላይ ሲገናኙ ወሬያቸው ሁልጊዜ በዚያው ይጀምራል።

«ጋሼን ያዳኑት ላሞች ናቸው» ይላል አባቴ።

«አንተንም ባዳኑህ ነበር» ይላል አጎቴ፤ «ቁርሴን ሳልጨርስ አልነሣም ብለህ ነው እንጂ።»

አባቴ ሸሚዙን ራሱ ቀዶ ይሰፋዋል፤ አንገቱን ከፍ አድርጎ፣ ቁልፉን እስከ ጉሮሮው ድረስ። በበጋ ፀሐይ እንኳ አንዲት ቁልፍ አይፈታም። ከሥሩ ማተብ ይኑር አይኑር የሚያየው የለም፤ ጨዋ ሰውን ደግሞ አንገትህን አሳየኝ የሚል የለም። ሥጋም አይበላም። የማንንም ሥጋ፤ በፋሲካም በአረፋም። እኔ ያደግሁት በክርስትና እናቴ እጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ጎረቤታችን ነበረች። እሷ አባቴን እንደ መናኝ ታየው ነበር። «በትንሣኤ ቀን ሥጋ የማይቀምስ ሰው ከየት ይገኛል?» ትለኝ ነበር። «ከዓለም ሳይወጣ የቀረው ላንቺ ብሎ ነው።» የገበያው እስላሞች በበኩላቸው የክርስቲያን ሥጋ ተጸይፎ ነው፣ አማቾቹን ፈርቶ ነው የሚደብቀው ይሉ ነበር። «እሱ የኛ ነው፤ ዝም በሉት» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ወገን ይወዱት ነበር። አባቴ ለአንዳቸውም አንድ ቃል አልዋሸም። ሰዎቹ ራሳቸው ለክተው፣ ራሳቸው ሰፍተው አለበሱት።

እናቴ የሸዋ ክርስቲያን ነበረች። ትንሽ ልጅ ሳለሁ በወሊድ ሞታ ሠፈራችን ባለው ደብር ተቀበረች። ያን ቀን አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ቀረ። ሰዎቹ ይህንንም እንደ ትሕትና ተረጎሙለት።

እኔ አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ቁልፍ እየተከልሁ ነበር። «አባዬ፣ ሥጋ ለምን አይበሉም?»

«ከበላሁ የአንዱን መብላቴ ነው።»

«ቢበሉስ?»

«ሌላው ቤት አልገባም።»

«ታዲያ እርስዎ የማን ነዎት?»

«ያንቺ» አለና ሣቀ። መልሱ ደስ አለኝ፤ አላጠገበኝም።

ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ሁለትና ሦስት ልጅ ካዘሉ በኋላ ነው። ፈረንጆች የከፈቱት ትምህርት ቤት ነበር። ጥርሳቸው ከወለቀ ሕፃናት ጋር ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርሁ፤ ጉልበቴ ጠረጴዛውን ያነሣው ነበር። አስተማሪዋ በመጀመሪያው ቀን ሃይማኖትሽ ምንድን ነው ብላ ጠይቃኝ ማተቤን አሳየኋት። የአባትሽስ አለች። ማታ ይህን ለአባቴ ስነግረው፣ «ለማንበብ የሚያስፈልገው ዓይን ነው በያት» አለ። አላልኋትም።

ያችው አስተማሪ አንድ ቀን የአገራችንን ካርታ በጨርቅ ላይ ስላ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። ደጋውን ቀይ ቀባችው፤ ክርስቲያን ነው። ቆላውን አረንጓዴ ቀባችው፤ እስላም። ደቡቡን ብጫ፤ ወንጌል ገና ያልደረሰው። ወሎ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነበር። ልጆቹ ቀለሙን እየተቀባበሉ ሲጮሁ እኔ እጄን አወጣሁ።

«እመቤቴ፣ አራዳ ምን ቀለም ነው?»

ካርታውን ዞራ አየችው። «ቀይ ነዋ» አለች። «ከተማው ከደጋው ውስጥ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዴን በዓይኔ እየቀባሁ መሄድ ለመድሁ። ቀለም የማገኝለት ሰው እየበዛ ሄደ። ጌቶቿ ስም አውጥተው ክርስትና ያስነሷት፣ ነፃ ስትወጣ ግን ስሙንም ማተቡንም እዚያው ጥላ የወጣች ጠላ ሻጭ ነበረች። በጉምሩክ የሚሠራ፣ የፈረንጅ ጋዜጣ የሚያነብና ረቡዕ ቀን በግልጽ ሥጋ የሚበላ ጸሐፊ ነበር፤ ወንድሞቹ ደጁን አይረግጡም። ከሱቁ ጀርባ በግድግዳ ሥር የሚያድሩት ኩሊዎችም ነበሩ። እነሱ የአገራቸውን አምላክ በአገራቸው ተራራ ላይ ትተውት መጥተዋል፤ እዚህ የሚያቆሙለት ዛፍ አላገኙም፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ና አላላቸውም። የዛሬ ሰው ይህን ቢሰማ ነፃነት ይመስለው ይሆናል። እኔ ያየሁትን ልጻፍ፦ እነዚህ ሰዎች ሲታመሙ ደጃቸውን የሚያንኳኳ አልነበረም። አራዳ ሰውን ከአጥቢያው ፈትታ ትቀበላለች፤ በምትኩ የምትሰጠው የላትም። በየዓመቱ እየበዙ ነበር። አባቴ ከነሱ መካከል መሆኑን ግን ያን ጊዜ አላሰብሁም፤ እሱ ሁለት ወገን የሚወደው ሰው ነበርና።

በአንድ ክረምት ታመመ። ሳሉ እንደ መኪናው ድምፅ ያለ ዕረፍት ነበር። መጀመሪያ የመጡት የእናቴ ቤተሰብ የነፍስ አባት ናቸው፤ ደግ ሽማግሌ ቄስ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ብዙ አላደክምህም» አሉት። «ብትናዘዝና ብትቆርብ ከሚስትህ አጠገብ ታርፋለህ። አንድ ቃል ይበቃኛል።»

አባቴ ጣሪያውን የሚመታውን ዝናብ ጥቂት አዳመጠ። «አባቴ፣ ሳይብስ ይግቡ፤ መንገዱ ጭቃ ነው» አላቸው።

በማግስቱ የመጣው ከመንገዱ ማዶ የሚሰፋው እስላም ባልንጀራው ነው። እሱም የወሎ ሰው ነው፤ መርፌና መቀስ ሲዋዋሱ ነው የኖሩት። አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«ወንድሜ፣ ጣትህን ብቻ አንሣ። የሸሃዳውን ቃል እኔ እልልሃለሁ።»

አባቴ ጠቋሚ ጣቱን አወጣና አየው፤ መርፌ የወጋጋውን። «ይቺ ደክማለች» አለ። ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሳት።

ሁለቱም ከሄዱ በኋላ እኔ አልታገሥሁም። «አባዬ» አልሁት፤ «የት ላሳርፍዎ?»

«ሁለቱም ይመጣሉ» አለኝ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ እንዲያውም የመሣቅ ያህል ሆነ። «ሁለቱም የኔ ነው ብለው ይጣሉብኛል። ይጣሉ። አንቺ መሀል አትግቢ፤ አንዱን ብትመርጪ ሌላው ላንቺም አይሆንሽም። ከጠየቁሽ አላውቅም በይ። ውሸት አይሆንብሽም።»

«ማንኛቸው እንዲወስዱዎ ይፈልጋሉ?»

ዓይኑን ጨፈነ። ተኝቶ ይሁን አልመልስ ብሎ፣ አልለየሁትም።

አንድ ጧት ዝናቡ ሲያባራ አረፈ። ጩኸቴን ሰምታ ክርስትና እናቴ ደረሰች፤ ቄሱም ተጠሩ። ቄሱ ከሬሳው ራስጌ ቆሙ።

«ተናዝዞ ነበር?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ማተብስ አለው?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

ጎንበስ ብለው የላይኛዎቹን ቁልፎች ቀስ አድርገው ፈቱ። አንገቱ ባዶ ነበር። ፊቱን ያጠቆረችው ፀሐይ እዚያ ደርሳ አታውቅም፤ የሕፃን ገላ ይመስል ነበር። ክርስትና እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቄሱ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መልሰው ቆለፉ፤ ይህን አልረሳላቸውም። «ልጄ፣ ፍትሐት ለተናዘዘ ነው» አሉኝ። «ወገኖቹ ይመጣሉ። በግድ ወሰዱብን ከሚሉን ለነሱ እንተውላቸው።» ክርስትና እናቴን ይዘዋት ወጡ። እሷ ከራሷ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ወደኔ ግን አልተመለሰችም። መናኝ ያለችው ሰው በአንድ ጧት ከእጇ ወጥቶባታል።

ባልንጀራው ቄሱ ሲገቡና ሲወጡ ከማዶ አይቶ ነበር። ቀትር ላይ መጥቶ ከደጁ ሳይገባ ቆመ።

«ቄሱ ጨረሱ?»

«አላውቅም።»

«ቃሉን ብሎ ነበር? ለብቻችሁ ስትሆኑ?»

«አላውቅም።»

«ልጄ፣ ሚስቱ እዚያ ናት። አንቺም ማተብ አሥረሻል። የክርስቲያን ሬሳ ነጠቁ ቢሉን እኛ ምን መልስ አለን?» ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «ለነሱ ይተውላቸው።»

አባቴ የጠበቀው መጣላታቸውን ነበር። አልተጣሉም። እያንዳንዱ ወገን ለሌላው በትሕትና ተወው፤ አንዱም ክፉ አልነበረም፤ ሬሳው ቤት ውስጥ ከኔ ጋር አደረ።

በማግስቱ ማለዳ ካፊያ እየጣለ ኩሊዎቹ መጡ። አልጠራኋቸውም። የተቀደደ እጀ ጠባባቸውን ሲጠግንላቸው የኖረ ሰው ከበረንዳው ስለጠፋባቸው ነው የጠየቁት። ሞተ አልኋቸው። እርስ በርሳቸው በቋንቋቸው ተነጋገሩ። አንዱ በሚችለው አማርኛ፣ «ማን ይወስደው?» አለኝ። ማንም የለም አልሁት። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። አባቴ ለደንበኛ ያስቀመጠው አቡጀዲ ነበር፤ በዚያ ጠቀለልነው። ጭነት በሚሸከሙበት አኳኋን አልያዙትም፤ አራት ሆነው በክንዳቸው አቅፈው ያዙት። በዚያ ካፊያ መንገድ ላይ ያገኘን ጥቂት ሰው ነው፤ ያየንም ሁሉ ሌላው ወገን ኩሊ ቀጥሮ የሚያስወስደው መስሎት ከመንገድ ዞር አለ።

ከእሪ በከንቱ ቁልቁል ወርደን ወንዙ ዳር ደረስን። ኩሊዎቹ የራሳቸውን ሙታን የሚያኖሩት እዚያ ነበር፤ አንዲት ሾላ አለች፤ ከሾላዋ በታች ጉብታ ጉብታ ይታያል። ቆፈሩ። ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባ ነበርና በቆርቆሮ እየጨለፉ ቆፈሩ። አባቴን ካስገቡት በኋላ ከመካከላቸው ሸምገል ያለው እርጥብ ሣር ነቅሎ በላዩ ጣለ፤ ለመሬቱ ይሁን ለሌላ አላውቅም፣ ጥቂት ቃል ተናገረ። ቀጥለው አፈሩን መለሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ማንም ያቀደው አይደለም። ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቼ እስላሞቹ ወሰዱት ብለው አመኑ። እስላሞቹ ቄሶቹ ወሰዱት ብለው አመኑ። ክርስትና እናቴ ወደ ገበያ ስንወርድ የእስላም መቃብር ካለበት ስንደርስ ፊቷን ታዞርና፣ «ያን የመሰለ ሰው እዚያ መሀል» እያለች ታለቅስ ነበር። ተዝካር አልተደረገም። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ዝም ይላሉ፤ አንዷ ግን ዝም ማለት አልቻለችም።

«እሷ ደግሞ በየትኛው ታለቅሳለች? በነጠላ ነው በሻሽ?»

«ተይ፣ ትሰማሻለች።»

«ትስማ። አልዋሸሁ።»

ሊያገባኝ አማላጅ ልኮ የነበረው ሰው እናት ተመልሳ መጥታ፣ ልጃችን አልደረሰም አለች። ልጇ በሁለት ዓመት የሚበልጠኝ ነበር።

አጎቴ ክረምቱ ሲወጣ እንደ ወትሮው በቅሎዎቹን ነድቶ መጣ። በረንዳው ላይ መኪናውን ብቻውን አገኘው። እኔ ቤት ሲመጣ ሁሉንም ከገበያው ሰው ሰምቶ ጨርሷል።

«ቄሶቹ ወሰዱት አሉኝ። እውነት ነው?»

ዝም አልሁ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደው። ተነሥቶ ወደ ደብሩ ሄደ፤ ከሩቅ ተከተልሁት። ከአጥሩ ውጭ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመ፤ ነጠላ የለበሱ ሴቶች አጥሩን እየተሳለሙ በአጠገቡ ያልፋሉ። ጀርባውን አላዞረም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ፊቱን መልሶ፣ እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። የደብሩ ዘበኛ ሊያባርረው መጥቶ ፊቱን ሲያየው ተወው።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሬሳው በሌለበት አጥር ሥር።

ለምን አልነገርሁትም? ብነግረው አስቆፍሮ ያወጣዋል፤ ወደ እስላሙ መቃብር ይወስደዋል። ክርስትና እናቴ ብትሰማ ቄሱ እግር ላይ ወድቃ ምሕረት ትለምንለታለች፤ ወደ ደብሩ ይወስዱታል። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ሌላው ዘንድ ነው ብለው እስካመኑ ድረስ አባቴ የማንም አይሆንም። እሱ የፈለገው ይህን ነው ብዬ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ እጃቸውን ዘርግተው ሲጎትቱት ማየት ነበር የፈለገው፤ የሚጎትተው ማጣቱን ቢያውቅ ኖሮ ጣቱን ያነሣ ነበር፣ ወይም አንዲቷን ቃል ለቄሱ ይሰጥ ነበር እላለሁ። ምናልባት ያን ጊዜ ዓይኑን የጨፈነው መልስ አጥቶ ይሆናል። ከዚህ አልፌ አላውቅም።

እኔ አስተማሪ ሆንሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄዴን ማንም ሳይከለክለኝ ቀስ በቀስ ተውሁ። ጦሙን ጦምሁ፤ ከጦሙም በኋላ ሥጋ አልበላሁም። ጎረቤቶቼ ይህንንም ወስደው መናኝ አሉኝ፤ አላረምኋቸውም።

የጣልያን ወሬ ከተማውን ባመሰበት ዓመት አጎቴ ለመጨረሻ ጊዜ መጣ። ጭነቱ አንዲት በቅሎ ብቻ ነበረች። ዓይኑ ፈዟል፤ አሽከሩ ገመድ እንደሚስብ እጁን ይዞ ነው ወደ ቤቴ ያመጣው። አሽከሩን ገበያ ሰደደው።

«ከእንግዲህ አልመጣም» አለኝ። «ሬሳዬን ከመንገድ እንዳታነሡ። ወደ አጥሩ አድርሺኝና ልሰናበተው።»

እጁን ይዤ ወጣን። መንገዱ ላይ ጦር የያዙ የክተት ሰዎች ይተላለፋሉ፤ ከበሮ ይመታል። ወደ ደብሩ ከሚያስገባው ሽቅብ ደረስን። እኔ ቆምሁ። እዚህ ቆሜ ካልነገርሁት ይህ ሽማግሌ አገሩ ገብቶ እስኪሞት ልቡን ወደዚያ አጥር አዙሮ ይኖራል ብዬ አሰብሁ።

«አጎቴ» አልሁ፤ «እዚያ የለም።»

«ማን?»

«ወንድምዎ። ቄሶቹ አልወሰዱትም።»

እጁን ከእጄ አወጣ። «እኛም አልወሰድነውም።»

«አዎ።»

«ታዲያ እንደ ውሻ ጣላችሁት?»

«አልተጣለም። ኩሊዎች ተሸክመው ቀበሩት። ወንዙ ዳር።»

«ምንድን ናቸው ኩሊዎቹ? እስላም ናቸው?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

መንገደኛ እየገፋን ያልፋል። «ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ አጥር ሥር ለማን ስጸልይ ኖርሁ?» አለኝ።

«እናቴ ከአጥሩ ወዲያ ናት።»

«እሷ ደግ ሴት ነበረች። እኔ ስመጣ ሽሮዬን ሥጋ ባልነካው አዲስ ድስት ነበር የምትሠራልኝ። ይድረሳት።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ «ለማን ነግረሽ ታውቂያለሽ?»

«ለማንም። ያስቆፍሩታል ብዬ ፈራሁ።»

«አስቆፍረው ነበር» አለ። «ያን ጊዜ ብትነግሪኝ በጥፍሬም ቢሆን። አሁን ምኑን አወጣዋለሁ? መንገዱን አሳዪኝ።»

ወደ ታች ወረድን፤ ሁለት ጊዜ አረፈ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ሾላዋ አልነበረችም፤ ቆርጠዋታል። ጉብታዎቹ ላይ ጭቃ ቤት ተሠርቷል፤ ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት ጎመን ትቀነጥሳለች። የዳርቻውን ግማሽ ጎርፍ ቦርቡሮ ወስዶታል። ቦታውን በልክ ላሳየው ብዙ ሞከርሁ። ወደ ፊት ሄድሁ፣ ወደ ኋላ ተመለስሁ፣ ከመሻገሪያው ድንጋይ ጀምሬ በዓይኔ ለካሁ። በመጨረሻ እጁን ይዤ በእጁ አመለከትሁለት፤ «ከዚህ እስከዚያ ባለው ውስጥ ነው» አልሁት። «ውሃው ካልወሰደው።»

አጎቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ይዘረጋል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልዘረጋም። እናታቸው ጓሮ ውስጥ ለአባቴ የመለሰችለትን ስም ጠራ፤ ሰው ከበረንዳ ማዶ እንደሚጠራ ነው የጠራው። ሴትዮዋ ጎመኗን ትታ አየችን። አጎቴ ወሬውን ጀመረ፤ አገር ቤት ማን እንደሞተ፣ የአባታቸውን ማሳ ማን እንደሚያርሰው፣ ሁለቱ በቅሎዎች ተራራው ላይ እንደሞቱበት፣ ዓይኑ እንደከዳው። ስሙን ደጋግሞ እየጠራ ነበር የሚነግረው፤ እንዳይሰለቸው ይመስል። ሲጨርስ ወደኔ ዞረ።

«አንቺም ንገሪው።»

ጣልያን እየመጣ ነው አልሁት።

«ይህን ባትነግሪውስ» አለ አጎቴ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ተነሣ፤ ሽቅቡን ተያይዘን ወጣን።